በረመዳን ወራት ከቤተ ሰብ ጋራ ወደ ባሕር ዳር ስለ መውጣት

ረመዳን በገባ ቍጥር በምጽዋና በዙሪያዋ ባሉ ቤቶች የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። የዕረፍት ቀን ሲደርስ ልጆች «ባሕር ዳር እንውጣ» ይላሉ። አባት መሥሪያ ቤቱን ወይም ሱቁን ያስባል፤ እናት ጾሙን፥ ማፍጠሪያውንና የወጥ ቤቱን ጣጣ ታስባለች። ከዚህ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ነገር አንዱ ይሆናል። ወይ «በጾም ወራት ምን ሽርሽር አለ» ተብሎ ነገሩ ይቀራል፤ ወይም ደግሞ እንደ ሌላው ወር ረፋዱ ላይ ያለ አሳብ ይወጣና፥ ከቀትር በኋላ ጾመኛው በጥማት ደርቆ፥ ሕፃኑ በፀሐይ ተቃጥሎ፥ ሁሉም ተኰራርፎ ይመለሳል። የቤተ ሰቡ አለቃ አስቀድሞ ጥቂት ቢያስብበት ግን ረመዳን ለባሕር ዳር የተመቸ ወር ሆኖ ያገኘዋል። ለዚህም የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ ሳይሆን ሰዓትን ማወቅ ነው።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው፥ በዚህ ወር ወደ ባሕር የሚወጣ ሰው ቀኑን ከማታ ወደ ጧት መቍጠር እንዳለበት ነው። በሂጅራ አቈጣጠር ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ስለ ሆነ፥ ይህ አሳብ ለሙስሊሙ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም። የቀኑ ምሰሶ መግሪብ ነው። መኪናው ከቤት የሚነሣበት፥ ልጆች ውኃ የሚገቡበትና የሚወጡበት፥ ምግቡ የሚጫንበት ሰዓት ሁሉ ከመግሪብ ወደ ኋላ እየተቈጠረ ይወሰናል። ረፋዱንና ቀትሩን ለቤት መተው ነው፤ ጾመኛው ይተኛበት፥ ነጋዴው ሒሳቡን ይመልከትበት። ከዐስር ጸሎት በኋላ፥ ማለት ከቀኑ 10 ሰዓት ግድም ተደርሶ፥ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሳያልፍ ቢመለሱ፥ ለቤተ ሰብ ከበቂ በላይ ነው።

ከሰዓቱ ቀጥሎ ወራቱ ይመጣል። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ብቻ ስለ ሆነ፥ ረመዳን በፀሐይ አቈጣጠር በያመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል፤ ወራቱን ሁሉ ዞሮ ለመጨረስም 33 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ይህ ነገር ለደጋ ሰው ትንሽ ይመስለው ይሆናል። ለምጽዋ ሰው ግን የሕይወት ጕዳይ ነው። ከ2004 እስከ 2008 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት ረመዳን በሰኔና በሐምሌ ግድም ዋለ፤ በነዚያ ወራት በምጽዋ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ጾመኛን ከቤት አውጥቶ አሸዋ ላይ ማስቀመጥ ጨዋታ ሳይሆን ቅጣት ይሆናል፤ ወደ ባሕር መውጣት ቢያስፈልግ እንኳ ከመግሪብ በፊት ባይወጣ ይሻላል። ከ2016 እስከ 2018 ዓ.ም. ግን ረመዳን በየካቲትና በመጋቢት ላይ የዋለ ስለ ሆነ፥ የባሕሩ ዳርቻ ከዓመቱ ሁሉ ከሚለሰልስበት ጊዜ ጋራ ገጠመ። ከዚህም በኋላ በየዓመቱ ወደ ጥርና ወደ ታኅሣሥ እየገባ ስለሚሄድ፥ ለባሕር ዳር ሰው ገና ብዙ መልካም ረመዳኖች አሉለት። ወደ ሐምሌ ንዳድ የሚመለሰው በ2030ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ግድም ነው።

(በዚህ ስፍራ ትርጕም ለሚሠራ ሰው አንድ ችግር አለ። ጣልያን «ኤስታቴ» ብሎ የሚጽፈውን የሰኔንና የሐምሌን ወራት የደጋ ሰው «ክረምት» ይለዋል፤ ዝናሙና ብርዱ የዚያን ጊዜ ነውና። በምጽዋ ደግሞ እነዚሁ ወራት እሳት ናቸው፤ ዝናም ቢዘንብ የሚዘንበው በታኅሣሥና በጥር ነው። አንድ ማስታወቂያ «በክረምት ወራት የሥራ ሰዓት እንዲህ ይሆናል» ብሎ ከደጋ ወደ ቈላ ቢወርድ፥ አንዱ ካፖርት ሌላው ማራገቢያ ያዘጋጃል። ስለዚህ ከዚህ በታች «ሐሩር» ስንል ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን የምጽዋን ጊዜ ማለታችን ነው።)

ብዙ ሰው የጾሙ ክብደት በቀኑ ርዝመት ይመስለዋል። ይህ ለሰሜን አገሮች እውነት ነው፤ በኛ ባሕር ዳር ግን አይደለም። በምጽዋ ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ያለው ጊዜ በታኅሣሥ 11 ሰዓት ከሩብ ያህል፥ በሰኔ ደግሞ 13 ሰዓት ያህል ነው። ልዩነቱ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም። በዚህም ላይ ጾሙ ከንጋት ስለሚጀምር በሁለቱም ወራት ከሰዓት በላይ ይጨመርበታል። እንግዲህ ጾመኛውን የሚጐዳው ርዝመቱ ሳይሆን ሐሩሩ መሆኑን አውቆ፥ ቀኑን እንደ ሙቀቱ መምረጥ ነው።

ከወሩ ውስጥ የትኛው ቀን ይመረጥ ለሚለው ጥያቄ ደግሞ መልሱ በሰማይ ላይ ነው። ረመዳን የጨረቃ ወር በመሆኑ፥ የወሩ ቍጥር ራሱ የጨረቃን ብርሃንና የባሕሩን ሙላት ይናገራል። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ጨረቃ ከፀሐይ በኋላ ጥቂት ቈይታ ትጠልቃለች፤ ምሽቱም ጨለማ ነው። ዓረቦች «ነጮቹ ቀኖች» በሚሏቸው በ13ኛው፥ በ14ኛውና በ15ኛው ግን ጨረቃ ፀሐይ በምትጠልቅበት ሰዓት ግድም ሙሉ ሆና ከባሕሩ ላይ ትወጣለች፤ ፋኖስ ባይበራ እንኳ ሰው ሰውን ያያል። ከ15ኛው በኋላ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ስለምትወጣ፥ በ20ኛው ቀን የምትወጣው ቤተ ሰቡ ለመመለስ ዕቃ ከጫነ በኋላ ነው።

ባሕሩም ይህንኑ ሥርዐት ይከተላል። በቀይ ባሕር መካከል፥ በፖርት ሱዳን በኩል፥ የባሕሩ መሙላትና መጕደል ከቍጥር አይገባም፤ በምጽዋ ግን ልዩነቱ በትልቁ ጊዜ አንድ ሜትር ያህል ይደርሳል። አንድ ሜትር ብዙ አይመስልም። ነገር ግን እንደ ጉርጉሱም ባለ ዝርግ አሸዋ ላይ አንድ ሜትር ወደ ላይ የሚወጣ ውኃ ወደ ፊት ብዙ እርምጃ ይሄዳል። ትልቁ ሙላትና ትልቁ ጕድለት የሚሆኑት ጨረቃ በምትወለድበትና ሙሉ በምትሆንበት ጊዜ፥ ማለት በወሩ መጀመሪያና በ15ኛው ግድም ነው። በ8ኛውና በ22ኛው ግድም ግን እንቅስቃሴው ይደክማል። የሙላቱን ሰዓት ከዓሣ አጥማጆች አንድ ቀን የጠየቀ ሰው፥ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየጨመረ የሚመጣውን ሳምንት ሁሉ ራሱ ሊያሰላ ይችላል። ሰሌን በሚነጠፍበትም ጊዜ ባሕሩ የጣለውን የደረቀ አረም መስመር መመልከት ነው። ያ መስመር የትናንቱ ሙላት የደረሰበት ነው፤ ከእርሱ በላይ የተቀመጠ ሰው ሾርባውን ከባሕር ጋራ አይካፈልም።

እኛ እንደሚመስለን የሚሻለው ከ10ኛው እስከ 16ኛው ባለው መካከል የሚገኝ የዕረፍት ቀን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሰውነት ገና ጾሙን አልለመደም፤ ቡናና ሲጃራ የለመደ ሰው ደግሞ በነዚያ ቀኖች አብሮት ለመኪና ጕዞ የሚመኙት ሰው አይደለም። የመጨረሻዎቹ 10 ሌሊቶች የጸሎትና የኢዕቲካፍ ናቸው፤ የሌሊቲቱን የቀድር በረከት የሚጠብቀውን ሰው ለሽርሽር መጥራት ነውር ነው። ከዚያም በላይ በነዚያ ቀኖች ነጋዴው ለዒድ በሚሆነው ንግድ ተይዞ ቢጠሩትም አይመጣም።

አሁን ስለ ምግቡ ጥቂት እንበል፤ በቅርብ ዓመታት በዚህ ረገድ ሊታለፍ የማይገባው መልካም አጋጣሚ ሆኗልና። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት 2 ቀን ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፥ ረመዳን የካቲት 22 ጀመሩ። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 9 ሲሆን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሁለት ከሦስት ቀን አይበልጥም። በ2019 ዓ.ም. ግን ረመዳን ሲወጣ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ጎረቤታሞቹ እንደ ገና ይለያያሉ።

አንባቢ እንደሚያውቀው በአገራችን ክርስቲያንና ሙስሊም በሐዘንም በደስታም አብረው ቢውሉም፥ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ስለዚህ ሁለት ጎረቤታሞች አብረው ባሕር ዳር ሲወጡ ድስቱም ሁለት፥ ዘንቢሉም ሁለት ይሆናል፤ ሴቶቹ በያሉበት ይደክማሉ፤ ልጆቹ ደግሞ የጓደኛቸውን ሳህን አሻግረው ይመለከታሉ። ሁለቱ ጾሞች በሚገናኙበት ጊዜ ግን ክርስቲያኑ ሥጋና ወተት ትቷል፤ ሙስሊሙም እርሱ ለአንድ ምሽት የሥጋ ሾርባውን ቤት ቢተወው የሚጐድለው ነገር የለም። ያን ጊዜ ምስር የተሞላ ሳምቡሳ፥ በዘይት የታሸ ፉል ከሽንኵርትና ከቃሪያ ጋራ፥ የምስር ሾርባ፥ ኸብዝ፥ ተምር፥ ብርቱካንና የሎሚ ውኃ ከአንድ ዘንቢል ወጥቶ በአንድ ሰሌን ላይ ለሁሉም ይቀርባል። በምጽዋ የየመኖች አሠራር በምድጃ የሚጠበሰው ዓሣ ከሁሉ የበለጠ ነበረ፤ ነገር ግን «ዓሣ በዐቢይ ጾም ይበላል ወይስ አይበላም» የሚለው ክርክር ከተነሣ ፀሐይም ትጠልቃለች፥ ጨረቃም ትወጣለች፥ ዓሣውም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ለሌላ ቀን መተው ነው።

የሚጠጣ ውኃ ለአንድ ሰው ከ2 ሊትር ባያንስ መልካም ነው። በባሕር ውኃ ውዱእ ማድረግ የተፈቀደ ስለ ሆነ ለዚያ የሚሆን ጣፋጭ ውኃ መሸከም ግድ አይደለም፤ ለሕፃናት ገላ ግን አንድ ጀሪካን መያዝ ይገባል። ቀይ ባሕር ወንዝ የማይገባበት፥ ፀሐይ የሚያተነው ባሕር በመሆኑ ከሌላው ውቅያኖስ ይልቅ ጨዋማ ነው። ጨዉ በሕፃን ቆዳ ላይ ደርቆ ካደረ ያን ሌሊት በቤቱ ውስጥ የሚተኛ የለም።

ከዚህ በላይ የተጻፈው ሁሉ ስለ ምቾት ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው ግን ስለ ነፍስ ስለ ሆነ አንባቢ ቀስ ብሎ እንዲያነበው እንለምናለን።

ምጽዋ ባሕሩ በምሥራቅ፥ ተራራው በምዕራብ ያለባት አገር ናት። ፀሐይ ከባሕር ትወጣለች፤ ከደጋው ጀርባ ትጠልቃለች። በጉርጉሱም አሸዋ ላይ የተቀመጠ ጾመኛ የመጥለቂያውን ሰዓት ለማየት ሲል ፊቱን ወደ ተራራው፥ ጀርባውን ወደ ባሕሩ ያዞራል። ምግቡም የተነጠፈው፥ መኪናውም የቆመው በዚያው በምዕራቡ በኩል ነው። እንግዲህ የዐዋቂ ዐይን ሁሉ ከባሕሩ የሚነሣበት ሰዓትና ባሕሩ የሚጨልምበት ሰዓት አንድ ናቸው።

በዚህ ላይ የኛ አገር ምሽት ፈጣን ነው። በሰሜን አገሮች ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብርሃኑ ረዥም ጊዜ ይቈያል፤ በኛ ዘንድ ግን ከመጥለቂያው በኋላ ሰውን ከሩቅ ለይቶ ለማየት የሚበቃው ብርሃን ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ብቻ ነው። ተምር ተበልቶ፥ ውኃ ተጠጥቶ፥ መግሪብ ተሰግዶ ቀና እስኪባል ድረስ ያ ጊዜ አልቋል። የሚሰጥም ሰው ደግሞ ብዙዎች እንደሚያስቡት አይጮኽም፥ እጁንም አያወዛውዝም። አፉ ከውኃው በላይ የሚሆንበት ጊዜ ለመተንፈስ እንኳ ስለማይበቃው ዝም ብሎ ይወርዳል። ሕፃን ከሆነ ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ወገብ በሚደርስ ውኃም ይሆናል።

ጸሎቱም ራሱ ሊታሰብበት ይገባል። መካ ከምጽዋ በስተ ሰሜን በቀጥታ ያለች ያህል ስለ ሆነች፥ በባሕሩ ዳር የሚቆሙ ሰጋጆች ፊታቸውን ወደ ሰሜን ያደርጋሉ፤ ባሕሩ በቀኝ ትከሻቸው በኩል ይቀራል። ሰጋጅ ደግሞ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አይመለከትም። ስለዚህ በዚያ ጊዜ ባሕሩን የሚያይ ሰው አስቀድሞ ካልተመደበ ማንም የለም ማለት ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። በየካቲትና በመጋቢት ፀሐይ በምጽዋ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ግድም ነው፤ እንደ ወራቱም ከ12 ሰዓት ጥቂት ቀደም ካለው ጊዜ እስከ 1 ሰዓት ግድም ትለዋወጣለች። ከመግሪብ በፊት 45 ደቂቃ ሲቀር ሕፃን ሁሉ ከውኃው ይውጣ፤ ገላው ይታጠብ፥ ደረቅ ልብስ ይልበስ፥ ይቈጠር። የደረቀ ልብስ የለበሰ ልጅ ወደ ውኃ ለመመለስ ሁለት ጊዜ ያስባል፤ እናቱን ያውቃታልና። ሁለተኛም፥ ከዐዋቂዎቹ አንዱ ባሕሩን ብቻ እንዲጠብቅ ይመደብ። ይህ ሰው ሰሌን አያነጥፍም፥ ሻይ አይቀዳም፥ ሬዲዮም አያዳምጥም። ጾመኛ ከሆነ ሦስት ተምርና አንድ ኩባያ ውኃ በእጁ ይዞ ፊቱን ወደ ባሕሩ እንዳደረገ ያፈጥራል፤ መግሪብን ሌሎቹ ከጨረሱ በኋላ ተክተውት ይሰግዳል፤ ጊዜው አያልፍበትም።

ክርስቲያን ጎረቤት አብሮ ካለ ግን ይህ ሥራ የእርሱ ቢሆን ይበልጥ ያማረ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የጾመ ሰው በመግሪብ ሰዓት የሚያስቸኵለው ምግብ የለውም፤ አዛኑንም የሚጠብቀው ለባልንጀራው ደስታ ብቻ ነው። በጥምቀትና በፋሲካ ደግሞ ሙስሊሙ ጎረቤት ውለታውን በሌላ መንገድ ሲመልስ በአገራችን የታወቀ ነው።

ስለ መጥለቂያው ሰዓት አንድ ነገር እንጨምር። ፀሐይ ከደጋው ጀርባ ስትሰወር የጠለቀች ይመስላል፤ ነገር ግን ተራራው ከአድማሱ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ የተሰወረችው እውነተኛው ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው። የሚያዋጣው ምልክት በምሥራቅ፥ ከባሕሩ ላይ የሚነሣው ጨለማ ነው። በከተማው ውስጥ አዛን ይሰማል፤ ከከተማው ርቆ በጉርጉሱም ግን ነፋሱ እንደ ወደደ ያደርገዋልና የወሩን የሰዓት ሠንጠረዥ በኪስ መያዝ ይሻላል። ከአሥመራ ሬዲዮ የሚያደምጥ ሰው ደግሞ ፀሐይ በምጽዋ ከአሥመራ ሁለት ደቂቃ ያህል ቀድማ እንደምትጠልቅ ይወቅ፤ ቢዘገይ እንጂ አይቸኵልም።

ጾመኛ በባሕር ቢዋኝ ጾሙ ይፈርሳል ወይ ብለው የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። የሃይማኖቱ ሊቃውንት ገላን በውኃ ማቀዝቀዝ ጾም እንደማያፈርስ ይናገራሉ፤ የሚያፈርሰው በጕሮሮ የሚወርደው ውኃ ነው። መጥለቅና በማዕበል ውስጥ መጫወት ያለው ጥንቃቄም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሳይታሰብ ስለሚገባው ውኃ መዝሀቦቹ የየራሳቸው ፍርድ ስላላቸው፥ ሰው የሚከተለውን ሼኽ ቢጠይቅ ይሻላል። እኛ የምንለው ሌላ ነው። ከንጋት ጀምሮ ያልጠጣ ሰው ክንዱ እንደ ሌላ ቀን አይደለም። እግሩን እስከ ጕልበቱ ነክሮ ልጆቹን ቢጠብቅ ይበቃዋል፤ ከተዋጣለት ዋናተኛ ጋራ ለመፎካከር ሸዋል አለለት።

ከሁሉ ይልቅ መታየት ያለበት ደግሞ ጾምን ገና በመለማመድ ላይ ያለው ከ9 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ነው። ግዴታ የለበትም፤ ነገር ግን ከታላቅ ወንድሙ ላለማነስ ጾሟል፤ ስለ ኵራቱም ጥማቱን አይናገርም። ከንፈሩ ደርቆ፥ ጨዋታውን ትቶ ብቻውን ከተቀመጠ፥ ጥላ ውስጥ አስገብቶ ማጠጣት ነው። «ዛሬ ግማሽ ቀን ጾመሃል፤ እርሱም ተቈጥሮልሃል» ማለት የአባት ዘዴ ነው፤ ልጁን በጓደኞቹ ፊት አለማሳፈርም እንዲሁ። የስኳር ሕመም ያለበት፥ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት፥ በዕድሜ የገፋ ሰው ጾምን ወደ ሌላ ጊዜ ሊያዛውሩ ወይም በምጽዋት ሊተኩ የሚፈቀድላቸው ስለ ሆነ፥ ለሽርሽር ሲባል በድብቅ መከራ አይዩ።

በአሸዋውና በኮራሉ ላይ በባዶ እግር መሄድ አይገባም። በቀይ ባሕር ድንጋይ መስሎ የሚተኛ መርዘኛ ዓሣ አለ፤ የባሕር ጃርትም በየኮራሉ ሥር ይገኛል። መርዘኛው ዓሣ የወጋውን እግር ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውኃ ውስጥ እየነከሩ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። ለሻይ የተያዘው ፔርሙዝ በዚህም ያገለግላል።

አሁን ወደ አስተዳዳሪዎችና ወደ ነጋዴዎች እንመለስ። አባት «ባሕር ዳር ወሰድኋችሁ» ሲል ብዙውን ጊዜ የነዳው መኪናውን ብቻ ነው። ከሱሑር ጀምራ የቆመችው፥ ሳምቡሳውን የጠቀለለችው፥ የሕፃናቱን ልብስ የቋጠረችው፥ በባሕሩም ዳር ጭሱ ውስጥ የምትቀመጠው እናት ናት፤ እርስዋም ጾመኛ ናት። በረመዳን ባሕር ዳር ምድጃ አይቀጣጠል። ከቤት የተሠራ፥ ቀዝቅዞ የሚበላ ምግብና አንድ ፔርሙዝ ሾርባ ይበቃል፤ ሳምቡሳውን ከገበያ መግዛትም ነውር የለበትም። አንጥፎ ማቅረብና ሳህን ማጠብ የወንዶቹ ድርሻ ቢሆን ደግሞ፥ እናት በዓመት አንድ ቀን ጨረቃ ከባሕር ስትወጣ ተቀምጣ ታያለች።

የመሥሪያ ቤት ሹም የሆነ ሰው በረመዳን የዕረፍት ዋዜማ የሚሠራውን ስብሰባ ከቀትር በፊት ቢጨርስ ለመንግሥት ሥራ የሚጐድል ነገር የለም። ከ9 ሰዓት በኋላ በተጠራ ስብሰባ ላይ ከንፈሩ የደረቀ ጸሓፊ የጻፈውን ቃለ ጕባኤ ያነበበ ሁሉ ይህን ያውቃል። የከተማ አስተዳዳሪ የሆነም ሰው ሰው በሚበዛበት በባሕሩ ዳር አንድ ፋኖስ ወይም መብራት እንዲቆም፥ ጥልቁ የሚጀምርበት በገመድና በተንሳፋፊ በርሜል እንዲታወቅ፥ ከመግሪብ በፊትና በኋላ ባለው ሰዓት አንድ ዋና የሚችል ዘበኛ እንዲገኝ ቢያዝዝ፥ ወጪው የአንድ ግብዣ ያህል አይሆንም። ነጋዴውም ሱቁን እስከ መግሪብ ከፍቶ፥ ከዚያ በኋላ ልጆቹን ይዞ በጨለማ ወደ ባሕር ከሚሮጥ፥ በ9 ሰዓት ዘግቶ በማግሥቱ ከተራዊሕ በኋላ ቢከፍት ገበያው ይጠብቀዋል፤ በረመዳን ሰው የሚገዛው ሌሊት ነውና። ተሸካሚውንና የሱቅ ጠባቂውንም በዚያው ሰዓት ማሰናበት ነው። እነርሱም የሚጠብቃቸው ቤት አለ።

ከአሥመራ ለሚወርዱ ሰዎች ጥቂት ቃል ይቀረናል። መንገዱ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከ2,300 ሜትር ከፍታ እስከ ባሕር ጠለል ይወርዳል። በምጽዋ ልስላሴ ወራት በነፋሲትና በጊንዳዕ በኩል ጉምና ዝናም ይበዛል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ለመግሪብ ለመድረስ የሚሮጥ ነጂ ነው። ከመኪናው ፊት ለፊት ባለው ሣጥን ውስጥ ተምርና ውኃ ይኑር። ሰዓቱ መንገድ ላይ ከደረሰ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጎ፥ አቁሞ፥ አፍጥሮ መሄድ ነው፤ ሱናው ማፍጠርን አለማዘግየት ነው እንጂ ምጽዋ ደርሶ ማፍጠር አይደለም። ይህን ያህል መንገድ የሚጓዝ ሰው በአብዛኞቹ ሊቃውንት ዘንድ መንገደኛ ስለሚባል ጾሙን ወደ ሌላ ቀን ለማዛወር ይፈቀድለታል። ከምጽዋ ወደ ጉርጉሱም የሚሄድ የከተማው ሰው ግን መንገደኛ አይባልም፤ ይህን ምክንያት የሚያቀርብ ጎረምሳ ቢኖር አባቱ ኪሎ ሜትሩን ያስቈጥረው።

ከማፍጠሪያው በኋላ ማንም ወደ ውኃ አይመለስ፤ ዐዋቂም ቢሆን። ሻይ ይጠጣል፥ ይወጋል፤ ተራዊሕን በመስጊድ መስገድ የሚወድ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሥቶ ወደ ከተማ ይመለሳል፤ የቀሩትም በዚያው በአሸዋው ላይ ይሰግዳሉ። ከመነሣት በፊት ሕፃናት እንደ ገና ይቈጠራሉ፤ የብርቱካኑ ልጣጭና የወረቀቱ ቍራጭ በከረጢት ይሰበሰባል። በየካቲትና በመጋቢት ጾሙ የሚይዘው እንደ ቀኑ ከሌሊቱ 11 እስከ 11 ሰዓት ተኩል ግድም ስለ ሆነ፥ በ4 ሰዓት የተኛ ሰው ለሱሑር እስኪነሣ ድረስ ስድስት ሰዓት ያህል እንቅልፍ ያገኛል። የተረፈው ፉልና ኸብዝ ለዚያ ይበቃል፤ የተኙትን ልጆች ከመኪና ወደ አልጋ የሚሸከመው አባት ነው፤ አሸዋውም ከደጅ ይራገፍ።